ባቡር የቀረበት ሐዲድና ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም

ባቡር መመላለሱን ያቆመበት ሐዲድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ተነቅሎ በብረትነቱ ይሸጣል፤ ወይም ሣር እየዋጠው ዝጎ ያልቃል። በዚህም የሚጎዳው የምድር ባቡሩ ድርጅት ብቻ አይደለም። በየጣቢያው ዙሪያ ሱቅ ከፍቶ፣ ምግብ አብስሎ፣ አልጋ አከራይቶ ይኖር የነበረው ነጋዴ ከመንገደኛው ጋር ገበያውን ያጣል። በልዩ ልዩ አገሮች ሦስተኛ መንገድ ሆኖ የተገኘው በሐዲድ ብስክሌት የሚደረገው የቡድን ጉዞ በንግድ ዓይን ሊመረመር የሚገባው ስለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰው ጉልበት በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በ1817 ፔዳል የሌለው፣ በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለሁለት መንኰራኵር ተሽከርካሪ ስለ ሠራ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሐዲድ ሠራተኞች የሚሄዱበት አነስተኛ ጋሪ እስከ ዛሬ በስሙ «ድራይዚን» ይባላል። ለመንገደኞች የሚሠራው የዛሬው ጋሪ አራት መንኰራኵር፣ ሁለት ወይም አራት መቀመጫ፣ ፔዳልና የእጅ ፍሬን አለው። የመንኰራኵሩ ከንፈር ሐዲዱን ስለሚይዝ መሪ አያስፈልገውም፤ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ አነስተኛ በመሆኑም ብዙ ልምድ የሌለው ሰው ሊነዳው ይችላል። ነገር ግን ያው የሰበቃው ማነስ ፍሬን ሲያዝ ጋሪው ቶሎ እንዳይቆም ያደርገዋል፤ ሐዲዱ በዝናም ሲርስ ደግሞ ይብሳል። መሥመሩ አንድ ስለሆነም የኋለኛው የፊተኛውን ቀድሞ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ጋሪዎቹ በተወሰነ ሰዓት ተከታትለው ይነሣሉ፤ በመካከላቸው ርቀት ይጠብቃሉ፤ የመኪና መንገድ በሚያቋርጡበት ስፍራም ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ሥራ በደቡብ ኮሪያ የሚገኘው የጋንግዎን ጠቅላይ ግዛት ግልጽ ምሳሌ ነው። በጆንግሶን ወረዳ ሐዲዱ የተዘረጋው በተለይ የድንጋይ ከሰል ለማጓጓዝ ነበር። መንግሥት ከ1989 ጀምሮ አክሳሪ የሆኑትን የከሰል ጉድጓዶች እንዲዘጉ ባደረገ ጊዜ ጭነቱ ቀነሰ፤ ሠራተኛውም እንጀራውን ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከጉጆልሪ እስከ አውራጂ ያለው 7.2 ኪሎሜትር ሐዲድ ግን ሳይነቀል ቀርቶ፣ ከ2005 ጀምሮ ጎብኚዎች ወንዝ ለወንዝ ቁልቁል እየነዱ የሚወርዱበት ሆነ። ከታች ሲደርሱ ጋሪዎቹንም ሰዎቹንም ሞተር ባቡር እየጎተተ ወደ መነሻቸው ይመልሳቸዋል። ያረጁ ፉርጎዎችም በፌንጣ መልክ ተሠርተው የቡናና የምግብ መሸጫ ሆነዋል።

በዚያው ጠቅላይ ግዛት በቹንቾን ከተማ አጠገብ ደግሞ፣ በ1939 ተሠርቶ ከሴኡል ይመጣ የነበረው መሥመር በ2010 ወደ ድርብ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ሲዛወር፣ በወንዝ ዳር የቀረው አሮጌው ክፍል በ2012 ለሐዲድ ብስክሌት ተከፈተ። ጨለማ የነበሩት ዋሻዎች በመብራት አጊጠው ራሳቸው መስሕብ ሆኑ። ይህች ከተማ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ በ1968 በዚያ ቆሟል፤ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የቡና መጠጫ ቤትም በዚያው ዓመት ተከፍቷል። ለመዝናናት የመጣ እንግዳ ቡና ጠጪ መሆኑን የቡና ላኪዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከነዚህ ምሳሌዎች ነጋዴ የሚቀስመው ትምህርት በአራት ሊጠቃለል ይችላል።

1ኛ. የመነሻው ሰዓት የታወቀ ስለሆነ የገበያው ሰዓትም ይታወቃል። ባለሱቁና ምግብ አብሳዩ እንግዳው ከመድረሱ በፊት ይዘጋጃሉ፤ የሚባክን ዕቃም ያንሳል።

2ኛ. ጉዞው ከአንድ ጣቢያ ተነሥቶ በሌላው ስለሚያበቃ ገበያው ሁለት ነው። ከቲኬቱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ የድርጅቱ ሲሆን፣ በመብል፣ በመጠጥ፣ በማደሪያና በእጅ ሥራ የሚገኘው ግን የከተማው ነው።

3ኛ. ወጪው ሊናቅ አይገባም። ድልድይ መመርመር፣ ሐዲዱን የተሸከመውን እንጨት መለወጥ፣ ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ፍሬን በየዕለቱ መፈተሽና ኢንሹራንስ መግባት ግዴታ ነው። ይህን ሳያሰላ የሚጀምር በአንድ አደጋ ገንዘቡንም ስሙንም ያጣል።

4ኛ. ጊዜው ካለፈ አይመለስም። የተነቀለ ሐዲድ ዋጋ የሚያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደገና ለመዘርጋት የሚጠየቀውን ገንዘብ ደግሞ አነስተኛ ከተማ ከቶ አይችለውም።

ነገሩ ለኢትዮጵያም የሚመለከት ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው የጅቡቲ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋን ወለደ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ጭነቱ በሌላ ሐዲድና በሌሎች ጣቢያዎች ያልፋል፤ ከአሮጌው መሥመር አብዛኛው ክፍል ያለ ሥራ ተቀምጧል። የጆንግሶን ምሳሌ እንደሚያሳየው ለጅምር መላው መሥመር አያስፈልግም፤ ጥቂት ኪሎሜትር ይበቃል። በአሮጌ ጣቢያ አካባቢ የሚኖሩ ነጋዴዎች ተሰብስበው በቅድሚያ ሊመረምሩ የሚገባቸው ነገር ይህ ነው፦ የሐዲዱ ባለቤት በሕግ ማን ነው? ሳይነቀል የቀረው ስንት ነው? ድልድዩ ደኅና ነው ወይ? መሬቱ ቁልቁለት የሚሆነው ወደየት ነው? እንግዳውስ ከየት ከተማ፣ በምን መንገድ ይመጣል? ለነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የተገኘ እንደ ሆነ ሐሳቡን ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይቻላል። መልሱ ካልተገኘ ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣ መታወቁ ራሱ ትርፍ ነው።