የታሸገው ፓኬትና የነጋዴው ሒሳብ

ንግድና ዕድል መፈተን ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ፥ በሒሳብ ሲመረመሩ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ልዩነታቸውን በጉልህ ከሚያሳዩት ሸቀጦች አንዱ ለመሰብሰብና ለመጫወት የሚሸጠው የካርድ ፓኬት ነው።

ከዚህ ዓይነት ጨዋታ የመጀመሪያው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ ያዘጋጁትን ይህን ጨዋታ፥ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። «ቡስተር» የሚባለው የታሸገ ፓኬት በዚያን ጊዜ 15 ካርዶች ነበሩት፤ ይኸውም 11 ተራ፥ 3 መካከለኛና 1 ብርቅ ካርድ ማለት ነው። ገዢው ፓኬቱን ሳይከፍት ብርቁ ካርድ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሻጩ ከወረቀቱ ጋራ ተስፋን ጭምር ይሸጣል።

የዚህ ተስፋ መጠን በቍጥር ሊታወቅ ይችላል። በአንድ ዕትም ውስጥ 100 ዓይነት ብርቅ ካርዶች በእኩል ብዛት ታትመዋል እንበል። አንድን ካርድ ብቻ ፈልጎ 36 ፓኬት የያዘ ሣጥን የሚከፍት ሰው፥ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 30 ያህል ነው። 100 ፓኬት ቢከፍትም እንኳ ዕድሉ ከመቶ 63 ያህል ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው።

እንግዲህ ባለሱቁ የራሱን ዕቃ ከፍቶ ካርዶቹን በነጠላ ልሽጥ ቢል ምን ያተርፋል? ለምሳሌ ያህል፥ አንዱን ፓኬት በ2.50 ዶላር ገዝቶ በ4 ዶላር ቢሸጥ፥ ከሣጥኑ 54 ዶላር ያተርፋል። ቢከፍተው ግን ከ36ቱ ብርቅ ካርዶች 30ዎቹ በ50 ሳንቲም፥ 5ቱ በ4 ዶላር፥ 1ዱ በ30 ዶላር፥ የቀሩት 504 ካርዶች በጠቅላላው በ15 ዶላር ቢሸጡ፥ የሚሰበስበው 80 ዶላር ነው። የገዛበት ዋጋ 90 ዶላር ስለ ሆነ 10 ዶላር ይከስራል፤ ካርዶቹን ለመለየትና ለመሸጥ የሚጠፋው ጊዜም በዚህ ላይ ይጨመራል። የነጠላ ካርዶች ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ መክፈት ያተርፍ ይሆናል። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ስለሚከፍቱ፥ ካርዱ በገበያ ይበዛና ዋጋው ይወድቃል።

ሳይከፈት የተቀመጠ ፓኬትም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. በፊት የነበሩት ዕትሞች ጥቂት ስለ ነበሩ፥ ባለሱቆች ካዘዙት የሚደርሳቸው በከፊል ብቻ ነበር። ስለዚህም በዚያ ዓመት «ፎለን ኢምፓየርስ» የተባለው ዕትም ሲወጣ ብዙዎቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ አዘዙ። ኩባንያው ግን በብዛት አትሞ ነበርና ያዘዙት ሁሉ መጣላቸው። ዋጋው ወደቀ፤ ፓኬቱም ለብዙ ዘመን በመደርደሪያ ላይ ቀረ። የዕቃው ብዛት በአታሚው እጅ ሲሆን፥ ብርቅነቱም በአታሚው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሌላው ጉዳይ የሐቀኝነት ነው። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ገበያ ላይ በዋለው በፖኬሞን የመጀመሪያ ዕትም፥ የሚያንጸባርቀው ካርድ በአማካይ ከ3 ፓኬት በአንዱ ብቻ ይገኝ ነበር። ይህ ካርድ ከሌላው በጥቂቱ ስለሚከብድ፥ አንዳንድ ሻጮች ፓኬቶቹን በሚዛን እየለዩ ከባዱን ለራሳቸው አስቀርተው የቀረውን ይሸጡ ነበር። ደንበኛ ዕድሉ ቢጠምበት ሻጩን አይወቅስም፤ ዕድሉ አስቀድሞ እንደ ተሰረቀበት ሲያውቅ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ይጠብቃል። የሚያዝዘው ሊሸጥ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው፤ የታሸገውን እንደ ታሸገ ይሸጣል፤ ነጠላ ካርድ ለሚፈልገው ደንበኛም ዋጋው የታወቀውን ካርድ ገዝቶ ያቀርብለታል። ተስፋን መሸጥ በሐቅ ከተሠራ ንግድ ነው፤ የራስን ካፒታል ለተስፋ ማዋል ግን ከንግድ አይቈጠርም።