ጎረቤቴ ፎቅ እየጨመረ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቴ ቤቱ ላይ ፎቅ እየጨመረ ነው፤ አንዱ ምሰሶ ወሰኔን ያለፈ ይመስለኛል። ሽማግሌ ልላክ ወይስ ልክሰስ?

መልስ፦ ሽማግሌውን ይላኩ፤ ነገር ግን አርማታው እርቅ አይጠብቅምና በዚያው ቀን ወደ ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ፈቃድ መኖሩን፣ ሥራውም ከጸደቀው ፕላን ጋር መስማማቱን እንዲያጣሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። የይዞታ ካርታዎን ኮፒና ቀን ያለባቸውን ፎቶዎች ያያይዙ። «ሰፈሩን አበላሸው» የሚል አቤቱታ ብዙ አያስኬድም፤ የወሰን ልኬት ግን ያስኬዳል። ጎረቤትዎ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ወረቀቱ የእርስዎን መሬት አይሰጠውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ካደረሳችሁ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ሁከት እንዲወገድ ለመጠየቅ ያስችላል። ክሱ መቅረብ ያለበት ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ሽምግልናው ሲጓተት ይህን ቀን እንዳይረሱት።