ዘውድና ጎፈር፦ ዕቃን አስተውሎ መግለጽ

«አሮጌ ብር ነው» ብላችሁ አትለፉ። በ1887 ዓ.ም. ቅርጽ በፓሪስ የታተመው፣ በጎጃም ገበያ የማርያ ቴሬዛን ብር ሊተካ ያልቻለው የምኒልክ ብር፣ በፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በጀርባው አንበሳ አለበት።

የላይና የታች ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩት። ጎፈሩ እንደ ሌሎቹ ብሮች ሳይሆን ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ሲታተም ከሁለቱ ማተሚያ ቅርጾች አንዱ ከቦታው ዞሮ ነበር ማለት ነው። ይህ ስሕተት ነው። አንበሳው በአንዳንዱ ብር ግራ፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን ማንሣቱ ግን ስሕተት አይደለም፤ ቅርጹ ተለውጦ ነው። ብዙ እጅ ያፈዘዘውማ ያረጀ ብቻ ነው!

አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል ካደረገው በኋላ የሚቀረው ጽሑፋችሁ ነውና፣ «ትንሽ ዞሯል» ሳይሆን «ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ ዞሯል» በሉ።

መልመጃ፦ አንድ ሳንቲም «ያረጀ» እና «የሚያምር» የሚሉትን ቅጽሎች ሳትጠቀሙ በአምስት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።