ስክሪንሾትና አማና



የዶርም ጓደኛችን በቴሌግራም ያጫወተንን ምስጢር ስክሪንሾት አንስተን ግሩፕ ላይ እንለቅና «ቀልድ ነው» እንላለን። እሱ መልእክቱን ቢያጠፋው እንኳ ምስሉ በሰው ስልክ ይቀራል።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 መሰለልንና ሐሜትን ከልክሏል፤ በሱረቱ ኑር አንቀጽ 27 ደግሞ ሳናስፈቅድ የሰው ቤት እንዳንገባ አዟል። የሰው ቻትም እንደ ቤቱ ሊከበር ይገባል። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ከመደፈር ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተጨምሯል።

ስለዚህ ከመልቀቃችን በፊት እናስፈቅድ። ከለቀቅንስ? እናጥፋው፣ የደረሳቸውም እንዲያጠፉት እንንገር። የሰው ሐቅ ነውና ተውበታችን እንዲሞላ ባለቤቱን «አፉ በለኝ» እንበል።

ወላሁ አዕለም።