የእናት ሐቅ ሰዓት አለው



ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ከጎንደር ተነስቼ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስጓዝ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ቃሬዛ አየሁ። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው የለበሱ ጎረቤታሞች ትከሻ እየተቀያየሩ ምጥ የጠናባትን ሴት ተሸክመዋል። መኪና አቁመን አሳፈርናትና ሐኪም ዘንድ ደረሰች። እርሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም።

ባልየው ደጅ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። አላህ ያጽናህ ካልኩት በኋላ ምጡ መቼ እንደ ጀመራት ጠየቅሁት።

«ትናንት ጠዋት ነው ወንድሜ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ?»

«አባቴ ገበያ ወርዶ ነበር። እሱ ሳይመጣ ማን ደፍሮ ያስነሳት? ሲመጣ ደግሞ መሸ።»

ይህ ሰው ሚስቱን የሚጠላ ሰው አይደለም። አባቱም «አትሂድ» አላሉም። ከለከለ የሚባል ሰው ሳይኖር አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አለፈ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። የነፍሰ ጡርና የአራስ መብት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን መብቷን በግልጽ የሚነፍግ ሰው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የእናት ሐቅ በአብዛኛው የሚጠፋው በመከልከል ሳይሆን በመዘግየት ነው።

የጤና ባለሙያዎች ይህን «ሦስቱ መዘግየቶች» ይሉታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 በጽሑፍ ያቀረቡት ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው መዘግየት እቤት ውስጥ ነው፤ ትሂድ አትሂድ የሚለው ውሳኔ ሲጓተት። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት ሲታጣ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እናትን ሊገድል እንደሚችል ላወቀ ሰው፣ የአንድ ሌሊት ትርጉም ግልጽ ነው።

በአገራችን በተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብለዋል። በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ2000 ጥናት 871፣ በ2016 ጥናት 412 ሆነው ተመዝግበዋል። መሻሻሉ አልሐምዱ ሊላህ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም በ2019 እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች እቤታቸው ይወልዱ ነበር። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ደጋው ያለው ከዚህች ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋና ሌሊት መንቀሳቀስ አስጊ በሆነ ቁጥር ሁለተኛው መዘግየት ይብሳል። መንገዱን መክፈት በእኛ እጅ ላይሆን ይችላል። የቤቱ ውሳኔ ግን በእኛ እጅ ነው።

«ይህ የገጠር ችግር ነው» የሚል የከተማ አንባቢ ካለ ወደ ራሱ ሱቅና ቢሮ ይመልከት። እዚሁ ጎንደር አንዲት ጎረቤታችን ከወለደች በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዞ አገኘችው። አሠሪዋ «ምን ላድርግ እህቴ፣ ሥራ አይጠብቅም» አላት። እርሷም አልቅሳ ተመለሰች፤ ሕግ እንዳለላት የነገራት አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ደመወዝ ጋር መብት አድርጎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትም ጊዜ ይከፈልበታል። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በወሊዷ ሰበብ ማሰናበት ክልክል ነው። ለአባትም የሦስት ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ጎረቤታችን ይህን የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። እርሷም ዘንድ ሐቁ የደረሰው ዘግይቶ ነው ማለት ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ረመዷንን እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። በቀዷና በፊድያው ዝርዝር ዑለማዎች ይለያዩ እንጂ በፈቃዱ አይለያዩም። የተፈታች ሴት እንኳ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ቀለቧ በባልየው ላይ መሆኑን ሱረቱ ጦላቅ ያስተምራል። ሱረቱል በቀራህ የአጥቢ እናት ምግብና ልብስ የአባት ግዴታ መሆኑን፣ እናትም በልጇ ምክንያት ልትጎዳ እንደማይገባ ይደነግጋል። ከፋርድ ጾም እንኳ ፈቃድ ያገኘችን ሴት፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አማት ከገበያ እስኪመለሱ ጠብቂ የሚላት ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ ፈቃዱን ከምጡ በፊት መስጠት ነው። ባል የሆንን ሁሉ፣ እርግዝናው እንደ ታወቀ «ምጥ ሲጀምርሽ ወይም የአደጋ ምልክት ስታዪ እኔም አባቴም ባንኖር ሂጂ» ብለን በቤተሰብ ፊት እንናገር። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ የነገ ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች ናቸው። የትራንስፖርት ገንዘብ ይቀመጥ፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ ቀድሞ ይታወቅ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉና ወሊዱ በነጻ ስለሆነ «ብር የለንም» ምክንያት አይሁን። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ካለ እዚያ ትረፍ። ይህ አሠራር በጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ተጀምሮ ብዙ እናቶችን ያተረፈ ነው። እድሮቻችን ቃሬዛ ለመሸከም የሚያሳዩትን ትብብር ለመኪና ኪራይም ያውሉት። ኢማሞቻችንም ከጁሙዓ ኹጥባ አንዱን ለዚህ ያድርጉልን። አሠሪ ወንድሞቼም ሕጉን ሠራተኛዋ ሳትጠይቅ ይንገሯት።

ያ ባል ስንለያይ «አሁን ቢሆን አባቴን አልጠብቅም ነበር» አለኝ። እኛ ይህን ለማለት የአንድ ልጅ ቀብር እስኪያስተምረን አንጠብቅ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።