ሴንን ከመርከብ ላይ ሆኖ ማስተማር

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን አንዱ «የፈረንሳይ ወንዞች» የሚል ትምህርት ደርሶት ነበር። የወንዞቹን ስምና ርዝመት ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና ካርታውን እያመለከተች፣ «መምህር፣ ይኼ ሴን የሚባለው ለምንድነው እንዲህ የሚጠማዘዘው?» ብላ ጠየቀች። የኛ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

ግምገማው ላይ ሁላችንም ሳቅን። ቆይተን ግን አፈርን፤ ጥያቄው ለኛ ቢቀርብ ስንቶቻችን እንመልስ ነበር? ስለዚህ ትምህርቱን እንደገና ለማዘጋጀት ተሰበሰብን። ከፓሪስ ተነሥተው ወንዙን ቁልቁል ተከትለው ወደ ባሕሩ የሚወርዱ የጎብኚ መርከቦች አሉ። እኛም ተማሪዎቹን በሐሳብ እዚያ ላይ እናሳፍርና በየማረፊያው «ይህ ነገር ለምን እዚህ ሆነ?» ብለን እንጠይቅ አልን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከመሳፈራችን በፊት የልጅቷን ጥያቄ እንመልስ። ሴን በቡርጎኝ ከባሕር ወለል በላይ 446 ሜትር ገደማ ከሆነ ቦታ ይመነጫል፤ 777 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፓሪስ ሲደርስ ከፍታው ወደ 25 ሜትር ወርዷል፤ ገና ግን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሱዳን ጠረፍ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ እንደሚወርድ ለሚያውቅ ተማሪ ይኼ ወንዝ የተኛ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ያጣ ወንዝ ደግሞ ጎንና ጎኑን መብላት ይቀናዋል። በመታጠፊያው ውጭ በኩል ውሃው ይፈጥንና ዳሩን ይሸረሽራል፤ በውስጥ በኩል ይዘገይና ደለሉን ይጥላል። መታጠፊያው በዚሁ ይሰፋል። በኋላም ምድሩ በረጅም ዘመን ቀስ እያለ ከፍ ሲል ወንዙ ጥምዝምዙን ሳይለቅ ወደ ታች ቆፈረ። ስለዚህ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ለጥ ያለ እርሻ እያየን እንወርዳለን ማለት ነው።

ፓሪስ ላይ አይፌል ማማን (1889) ማንም ሳይነግረው ያየዋል፤ እንለፈው። መጠየቅ ያለበት ደሴቱ ነው። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በሚጠብበት ቦታ መሻገር ይቀላል፤ መሻገሪያ ባለበት ደግሞ ገበያና ከተማ ይበቅላል። በ1163 መሠራት የተጀመረው የኖትር ዳም ካቴድራል የቆመው እዚሁ ደሴት ላይ ነው። በሚያዝያ 2019 በእሳት ተጎድቶ በታኅሣሥ 2024 እንደገና ተከፍቷል። አጠገቡ «አዲሱ ድልድይ» የሚባለው አለ፤ በ1607 ያለቀ ሲሆን፣ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ዛሬ ከቆሙት የፓሪስ ድልድዮች ሁሉ አሮጌው እሱ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። አልማ ድልድይ ላይ ደግሞ የወታደር ሐውልት አለ። ፓሪሶች ጎርፉን የሚለኩት በሱ ነው፤ እግሩ ሲርስ ይሠጋሉ። በ1910 ውሃው እትከሻው ደርሶ ነበር።

ቬርኖን ላይ ወርደን ዢቬርኒ እንገባለን። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1883 ጀምሮ በ1926 እስኪሞት የኖረበት መንደር ነው። ኩሬውን የሞላው ኤፕት ከሚባለው የሴን ገባር ቅርንጫፍ ውሃ ጠልፎ ነው። መንደርተኛው ግን «ያመጣው የባዕድ አበባ ውሃችንን ይመርዝብናል» ብሎ ተቃውሞት ነበር። የውሃ ጠብ የትም አገር ያው ነው።

ሌዛንድሊ ላይ ግን ረጋ ብለን እንቁም፤ ትምህርቱ ሁሉ እዚህ በዓይን ይታያል። ወንዙ ትልቅ መታጠፊያ ይሠራል፤ በውጭ በኩል ነጭ ገደል ቆሟል። ድንጋዩ ጠመኔ ነው። አዎ፣ የኛው ጠመኔ! (ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት አብዛኛውን ጊዜ ከጀሶ ቢሠራም ስሙ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ድንጋይ ነው።) ድንጋዩ ድሮ በባሕር ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ፣ በዓይን ከማይታዩ ፍጥረታት ቅርፊት የተጠራቀመ ነው። እገደሉ አናት ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ «አንበሳ ልቡ» ሪቻርድ ከ1196 እስከ 1198 ሻቶ ጋያር የተባለውን ምሽግ ሠራ። ለምን እዚህ? በወቅቱ ኖርማንዲ የሱ ነበረች፤ ከፓሪስ ወደ ሩዋን የሚወርደውን ጀልባ ሁሉ ከዚህ ሆኖ ማየትም ማገድም ይቻላል። ሪቻርድ በ1199 ሞተ። በ1204 የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ ምሽጉን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሩዋንም ኖርማንዲም ተከተሉ። አንድ የወንዝ መታጠፊያ የአንድን ግዛት ዕጣ ወሰነ ብንል አላጋነንም።

ቀጥለን የፖዝን ግድብ እናልፋለን። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል የወንዙም ውሃ እስከዚህ ግድብ ድረስ ከፍና ዝቅ ይላል። ከግድቡ በታች ያለችው ሩዋን እንግዲህ ከባሕሩ ብትርቅም የባሕር መርከብ ይገባላታል፤ ስንዴ የሚጫንባት ትልቅ ወደብ ናት። የካቴድራሏ ሹል ጫፍ 151 ሜትር ነው። ዣን ዳርክ ግንቦት 30 ቀን 1431 በእሳት የተቃጠለችው በዚህችው ከተማ የድሮ ገበያ ላይ ነው፤ አመዷም እዚሁ ወንዝ ውስጥ ተበተነ።

ከሩዋን በታች ወንዙ ክፉ ነበር። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ ወንዙን ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ማስካሬ ይሉታል። ዳሩ ተገንብቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ በ1960ዎቹ ጠፋ። ማስካሬ በሌለበት ሰዓትም ቢሆን ወንዙ አይታመንም ነበር። ቪልኪዬ ከምትባለው መንደር አጠገብ መስከረም 4 ቀን 1843 አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ተገለበጠች። ከሞቱት መካከል «ምንዱባን» በሚለው ትርጉም የምናውቀው የቪክቶር ሁጎ ልጅ ሌኦፖልዲን ትገኝበታለች፤ ዕድሜዋ 19፣ ከተዳረች ሰባት ወር ያልሞላት ነበረች። ባሏም ሊያድናት ሲል አብሯት ሰጠመ። አባትየው ጉዞ ላይ ስለነበር መርዶውን ያገኘው ከጋዜጣ ነው። ይህን ስንናገር ክፍሉ ጸጥ ማለቱ አይቀርም፤ ወዲያው ወደ ሌላ አንሩጥ።

መጨረሻው ኦንፍሌር ነው። እዚያ ያለው የቅድስት ካትሪን ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ጣሪያው የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል፤ የሠሩት መርከብ ሠሪዎች ናቸዋ!

የፈረንሳይ ካርታና አንድ ክር ከዚህ ጋዜጣ ሥር ሰቅለናል። ክሩን ከፓሪስ እስከ ባሕሩ በወንዙ ላይ አስተኙት፤ ከዚያ ዘርጉትና ከቀጥታው መንገድ ጋር አስተያዩት። እጥፍ ገደማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ ባልደረባችንም በመጪው ሳምንት ክር ይዞ ወደዚያችው ክፍል ይመለሳል፤ መጀመሪያ የሚጠራት ከኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ነው።