«እንደምን አደራችሁ?»፦ የማለዳ ሰላምታ መንፈሳዊ ትርጉም



በአገራችን ማለዳ የሚገናኙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለሚመጣው ቀን ሳይሆን ስላለፈው ሌሊት ነው። በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ?»፣ በመቀሌ ጎዳናዎች «ከመይ ሓዲርኩም?» ይባላል፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሌሎች ሕዝቦች «መልካም ጧት» ብለው ይመኛሉ፤ የእኛ ሰላምታ ግን ጥያቄ ነው። ጥያቄም መልሱን የሚሰማ ጆሮ ይሻል።

የቃሉ ሥር

አማርኛው «አደረ» እና ትግርኛው «ሓደረ» ከግእዙ «ኀደረ» ጋር አንድ ሥር አላቸው። «ኀደረ» ሌሊቱን አሳለፈ ብቻ ሳይሆን ኖረ፣ ተቀመጠ ማለትም ነው፤ «ማኅደር» የሚለው ቃል ከዚሁ ይወጣል። በግእዙ የዮሐንስ ወንጌል (1፥14) ሥጋ የሆነው ቃል ከእኛ ጋር መኖሩ የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ ባልንጀራችንን ስንጠይቅ፣ ጌታ ከሰው ጋር ማደሩን የሚገልጸውን ቃል በአፋችን እንይዛለን።

የጌታ ማለዳ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እንደምናነበው፣ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ነጋባቸው። ከሙታን የተነሣው ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ የሚበላ ነገር እንዳላቸው ጠየቃቸው። እነርሱም የለንም ብለው እውነቱን መለሱ። አልወቀሳቸውም፤ መረቡን ወዴት እንደሚጥሉ ነገራቸው፤ ወደ ምድር ሲወጡም ፍሙ፣ ዓሣውና እንጀራው ተዘጋጅቶ ቆያቸው። የጌታ ሰላምታ በጥያቄ ጀምሮ በማዕድ ይፈጸማል።

የእኛ ሌሊት

በትግራይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የዚህን ጥያቄ ዋጋ በመራራ መንገድ ተምረናል። በመቀሌ ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች እናቶቻቸውን «እንደምን አደራችሁ?» ለማለት አልቻሉም። ስልኩ ሲከፈትም የሚመልስላቸው ያጡ ነበሩ።

ዛሬም ከቤታቸው የተፈናቀሉ፣ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወገኖች «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉናል። ምስጋናቸው እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ኀዘናቸው አልቋል ማለት አይደለም። የሰቆቃወ ኤርምያስ ጸሓፊ የእግዚአብሔር ምሕረት በየማለዳው አዲስ መሆኑን የመሰከረው (3፥22-23) ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሳለች ነው፤ እንባውን ግን አልሸሸገም። ስለዚህ ጠያቂው ከምስጋናው በኋላ ጥቂት ይታገሥ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ወሬ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነውና።

ለማሰላሰል

1. ዛሬ ማለዳ ሰላም ካልኋቸው ሰዎች መካከል የማንን መልስ ቆሜ ሰማሁ?
2. ሌሊቱ የከበደበት ጎረቤቴ ማን ነው? ምንስ ላካፍለው እችላለሁ?
3. በነግህ ጸሎቴ የሌሊቴን ጭንቀት ለእግዚአብሔር በእውነት እነግረዋለሁን?

ከእኛ ጋር ያደረ ጌታ ሌሊታችሁን ይጠብቅ፤ ማለዳችሁንም ይባርክ። አሜን።